አርባ ዘጠኝ ኢንች

ዴል ብሮሶ በመደብሩ የሚሸጡትን ሁለቱን የጫካ ሞተሮች ሊያይ ሲመጣ ይህ ሦስተኛው ሐሙስ ነበር። ሄልሚ ላህቲነን ከመለዋወጫ ባንኮኒው ኋላ ሆና በመስታወቱ በር አየችው። የካውንቲውን የመንገድ ሠራተኞች ብርቱካናማ ጃኬት እንደለበሰ፣ መግቢያው ላይ ባለው ምንጣፍ ጫማውን ይጠርጋል። ጫማው ከጸዳ ቆይቷል። ዴል ለመናገር የከበደው ነገር ሲኖር ጫማውን ይጠርጋል፤ ይህን በስድስት ዓመት ውስጥ ተምራለች።

ላይታላ ትንሽ ከተማ ናት። ሁለቱ እንደሚዋደዱ የማያውቅ ሰው የለም፤ አንድ ቀን እንኳ በአንድ ገበታ ተቀምጠው ሲበሉ ያየ ሰው ግን የለም። አባቷ ኡርሆ ላህቲነን የብሮሶን ስም በቤቱ አያስጠራም። ስለዚህ ፍቅራቸው የኖረው በዚህ ባንኮኒ ላይ ነው። ዴል ካንዴላ ያዛል፣ ቺንጋ ያዛል፣ የዘይት ፊልትሮ ያዛል፤ ከዚያ በማዘዣው ወረቀት ጀርባ ሁለት ሦስት መስመር ይጽፍላታል። «ዛሬ ከድልድዩ ማዶ በረዶ ስጠርግ ሁለት ጉጉቶች አየሁ። አንደኛዋ አንቺን ትመስላለች፤ ዝም ብላ ታያለች።» እንዲህ ያለ ነገር። ሄልሚ ወረቀቶቹን በብስኩት ቆርቆሮ ታስቀምጣቸዋለች። አንዱ ቆርቆሮ ከሞላ ቆየ፤ ሁለተኛውም ሊሞላ ነው። እሷም ሠላሳ አራት ዓመት ሞላት።

«ዛሬስ ቆረጥክ?» አለችው።

«ልቆርጥ ነው የመጣሁት።» ፊቱ የሌሊት ፈረቃ የሠራ ሰው ፊት ነበር። «እስቲ ደግመሽ ንገሪኝ።»

«እንደ ሻጭ ወይስ እንደ ሄልሚ?»

«እንደ ሻጭ። የሄልሚን ሌላ ጊዜ እሰማለሁ።»

እንደ ሻጭ ነገረችው። ባለ አራት ጎማው ሞተር እንደ ፈረስ ነው፤ እግርህን አንስተህ ትቀመጥበታለህ፤ መታጠፊያው ላይ ሰውነትህን ካላዘነበልክ ያዘነብልሃል። ቀጭንና ቀላል ነው፣ በጥዶቹ መካከል ይሾልካል፣ ረግረግ ቢውጠው ብቻህን ታወጣዋለህ። የጣልከውን አጋዘን ከኋላው ባለው ብረት ላይ ታስራለህ። ጎን ለጎን የሚሉት ሌላኛው ግን ከመኪና ይቀርባል። መሪ አለው፣ ጣሪያ አለው፣ ሁለት ወንበር ከነቀበቶው አለው፤ ከኋላ ካሶኒ ስላለው አጋዘኑም ምግቡም ማገዶውም በአንድ ጉዞ ይገባል። እግሩ የማይታዘዝለት ሰው እንኳ እንደ ሳሎን ወንበር ዝቅ ብሎ ይቀመጥበታል። ከባድ ነው እንጂ፤ መንገድም ይፈልጋል። ይህን ሁሉ የተናገረችው ሌላ ነገር እያሰበች ነው። ሰኞ ለአለቃዋ መልስ መስጠት ነበረባት። በግሪን ቤይ ባለው ትልቁ መደብር የክፍል ኃላፊነት ቦታ ተከፍቶላታል፤ የአራት ሰዓት መንገድ ነው። ለራሷ አንድ ነገር ቆርጣለች፤ ዴል ባለ ሁለት ወንበሩን ከገዛ ትቀራለች። ባለ አንዱን ከገዛ ትሄዳለች። ሞኝነት መሆኑን ታውቃለች። ደግሞም ከስድስት ዓመት በኋላ ሌላ ምን ምልክት እንደምትጠብቅ አታውቅም።

«ባለ አራት ጎማው ላይ ከኋላ ሰው ቢፈናጠጥስ?» አለ ዴል።

ፓራፋንጎው ላይ የተለጠፈውን ማስጠንቀቂያ በጣቷ አሳየችው። ለአንድ ሰው ብቻ የተሠራ ነው፤ ሁለተኛ ሰው ከተጫነበት ዳገት ላይ ወደ ኋላ ይገለበጣል። ለገዢ ሁሉ የምትለው ነው፤ ዛሬ ግን አፏን መረራት።

«የባለ ሁለት ወንበሩ ስፋት ስንት ነው ያልሽኝ?»

«ስልሳ ሁለት ኢንች። ባለፈው ሳምንትም ስልሳ ሁለት ነበር።»

«ከዚያ የሚጠብ የለም?»

«ጠባብ የሚባለውም ሃምሳ ነው። ለምን?»

ወለሉን አየ። «የኔ መንገድ አያስገባውም» አለ። ከዚያ፣ እሷን ሳያይ፣ «ባለ አንዱን ጻፊልኝ» አለ።

ጻፈችለት። የሞዴሉን ቁጥር፣ ቀለሙን፣ ስሙን። እጇ የለመደውን ይሠራል። ስለ ግሪን ቤይ ልትነግረው አፏን ከፍታ ነበር፤ እሱም የሆነ ነገር ሊላት ቀና ብሎ ነበር። የሁለቱም ዓይን ተገናኘና፣ ሁለት የደከሙ ሰዎች ጠባብ በር ላይ ሲገናኙ እንደሚያደርጉት፣ ሁለቱም ለሌላው ገለል አሉ። ዴል ፈርሞ ወጣ።

የመኪናው ድምፅ እስኪርቅ ጠበቀች። ከዚያ ወረቀቱን ገለበጠችው። በስድስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ጀርባው ባዶ ነበር። ወረቀቱን ከሌሎቹ ማዘዣዎች ጋር መላክ ሲገባት አጥፋ ኪሷ ከተተችው፤ ያን ቀን ማንም ሰው ምንም ነገር ባይጠይቃት ደስ ይላት ነበር።

*

በማግሥቱ ከሥራ ስትመለስ አባቷን ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጦ አገኘችው። ያችን ባለ ዳማ ጥለት ቀይ የሱፍ ሸሚዙን ለብሷል። ኅዳር ሊገባ ሲል ከሳጥን ያወጣታል፤ የአደኑ ወራት እስኪያልፍ አያወልቃትም። ከኋላ ጫፏ በመቀስ ተቆርጧል። እናቷ በሕይወት ሳለች ክፍቱን ልትዘመዝምለት ለምናው ነበር፤ እንቢ አለ። እንደተቆረጠ ይኑር አለ።

በዚህ አገር ልማድ ነው። አጋዘን ላይ ተኩሶ የሳተ ሰው፣ ማታ በአደን ጎጆው ሁሉም ባለበት፣ የሸሚዙ ጫፍ ይቆረጥና ስሙና ዓመቱ ተጽፎበት ግድግዳው ላይ ይቸነከራል። ይሳቅበታል፤ እሱም ይስቃል። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት በአንድ ትልቅ ቀንዳም ላይ ሁለት ሰዎች ተኮሱ፤ መጀመሪያ ኡርሆ ከላይኛው የማድፈጫ መደብ፣ ቀጥሎ የዴል አባት ሊዮ ከታች። ጎጆዋን የሠሯት ሁለቱ አብረው ነበር፤ በሊዮ መሬት ላይ ትሁን እንጂ መንገዷ የሚያልፈው በኡርሆ መሬት ነው። ሊዮ፣ የወደቀው በእኔ ጥይት ነው፣ ያንተ ዛፍ ነው የመታው አለ። ኡርሆ አልሳትኩም አለ። ሰው ሳቀ። ሸሚዙን ቆረጡት። ኡርሆም እንደ ልማዱ ሳቀና፣ በማግሥቱ ወደ ቤቱ ወርዶ ዳግመኛ ወደዚያች ጎጆ አልወጣም። በፀደይ፣ መሬቱ ሲለሰልስ፣ በመንገዱ አፍ ላይ ሁለት የብረት ቋሚዎች ተከለ። የራሱን ሞተር ስፋት ለክቶ አንድ ኢንች ጨመረ፤ አርባ ዘጠኝ። ግራና ቀኙ ረግረግ ነው። ከዚያ ወዲህ መኪና በዚያ አልፎ አያውቅም።

ሄልሚ ፓስቲውን፣ ሥጋና ድንች የተጠቀለለበትን ሊጥ፣ ከምድጃ አውጥታ ከፈለችለት። ሥጋና ድንቹን በሹካው ፈለፈለ።

«ባለ አንዱን ነው ወይስ ባለ ሁለቱን?» አለ።

«ምኑን?»

«እኔ እንጃ ምኑን። ሰው በዚህ ወር ሞተር አይገዛም እንዴ?»

ሹካዋን አስቀመጠች። «አባዬ፣ ማን ነገረህ?»

ኡርሆ ወገቡ ከታመመ ወዲህ ሲነሳ ጠረጴዛውን ይዞ ነው። እንደ ምንም ተነሳና ሄል ያለበት ዳቦ ከሚቀመጥበት ሳጥን ኋላ አንድ ፖስታ አወጣ። አልተከፈተም። እሑድ እሷ ቤተ ክርስቲያን ሳለች ያ የሊዮ ልጅ መጥቶ እንደነበር፣ በረንዳው ላይ እንደቆመ፣ እሱም ግባ እንዳላለው፣ ባለ ሁለት ወንበር ሞተር እንዲያልፍለት በመንገዱ አፍ ካሉት ቋሚዎች አንዱን እንዲያነሳለት እንደለመነው፣ እሱም አይሆንም እንዳለው ነገራት። ልጁ አልተከራከረም፤ ፖስታውን አኑሮ ሄደ። አምስት ቀን ዳቦ ሳጥኑ ኋላ ኖረ። መነጽሬ ጠፍቶ ነው አለ ኡርሆ። መነጽሩ ግንባሩ ላይ ነበር።

የኔ መንገድ አያስገባውም። ሄልሚ የዴልን ቃል እንደገና ሰማችው። የሱ መንገድ እኮ የአባቷ ነው። ደሟ ወደ ፊቷ ሲወጣ ተሰማት፤ ትናንት ቀኑን ሙሉ በልቧ የከሰሰችው ሰው ቀድሞ እዚህ በረንዳ ላይ ቆሞ ነበር።

«ላንብብልህ?»

«ካልደከመሽ።»

ፖስታውን ስትከፍተው መጀመሪያ የወጣው ጨርቅ ነበር። ቀይ ዳማ፣ መዳፍ የሚያህል፣ በአራት ጫፉ የሚስማር ቀዳዳ ያለበት። «ኡርሆ» ይላል በከሰል፣ ዓመቱም ከሥሩ። ወረቀቱ የማዘዣ ወረቀት ጀርባ ነበር፤ ዴል ሌላ ወረቀት የለውም።

«አቶ ላህቲነን፣ አባቴ ከመሞቱ በፊት የነገረኝን ነው የምጽፍልዎ። ያንን ቀንዳም በማግሥቱ ሲገፈው ቆዳው ላይ ሁለት ቀዳዳ አገኘ። አንዱ ከላይ የገባ ነው፤ የእርስዎ። ሸሚዝዎ ግን ግድግዳው ላይ ተቸንክሮ ነበር፤ ሰውም ስቆ ወደየቤቱ ሄዷል። ቆዳውን ቀበረው። ያንን ቃል ሃያ ዓመት ተሸክሞ ለእኔ አወረሰኝ፤ እኔም ሁለት ዓመት ዝም አልኩ፤ ስለዚህ ከእሱ አልሻልም። ጨርቁ የእርስዎ ነው። ይቅርታ አልጠይቅም፤ የምጠይቀው ቋሚውን ነው። ለእኔ ሲሉ አይደለም፤ እኔ በባለ አንዱ አልፋለሁ። እርስዎ ግን በዚያ ወገብ እግርዎን አንስተው ባለ አራት ጎማ ላይ መውጣት አይችሉም፤ ሄልሚም ጎጆዋን ለመጨረሻ ጊዜ ያየቻት በልጅነቷ ነው። የምገዛው ባለ ሁለት ወንበር ቢሆን ሁለታችሁንም በየተራ አወጣ ነበር። ቋሚው ይቆይ ካሉ ይቆያል። ለሄልሚ እንዳይነግሯት እለምናለሁ፤ በእርስዎና በእኔ መካከል እንድትመርጥ አልፈልግም፤ የከበዳት ይበቃታል።»

ኡርሆ ጨርቁን ወሰደ። ገለበጠው፣ አየው፣ በጣቱ የሚስማሩን ቀዳዳ ነካ።

«ሁለት ቀዳዳ» አለ።

«አዎ አባዬ።»

«አልሳትኩም ብዬ ነበር።»

«ብለህ ነበር።»

ደስ የሚለው መስሏት ፊቱን አየች። ደስታ አልነበረበትም። ብዙ ዓመት የገፋው በር ከውስጥ ቀድሞ ተከፍቶ እንደ ቆየበት ሰው ነበር፤ ትከሻው ወደቀ። ሊዮ ከሁለት ዓመት በፊት ሲቀበር ኡርሆ መኪናውን ከመቃብሩ ማዶ አቁሞ፣ ሞተሩን ሳያጠፋ፣ ሰው እስኪበተን ተቀምጦ ነበር። ያንን የምታውቀው እሷ ብቻ ናት።

ልትቆጣው ይገባ ነበር። ቃሉም ነበራት፤ ስድስት ዓመት ያጠራቀመችው። ነገር ግን አፏን ስትከፍት የወጣው ሌላ ነው።

«አባዬ፣ ደክሞኛል።»

ቀና አለ።

«አንተን አልጠላህም፤ እሱንም አልጠላውም። ደክሞኛል ብቻ። እዚህ ስሆን እሱን እደብቅብሃለሁ፣ እዚያ ስሆን አንተን እደብቅበታለሁ። ግሪን ቤይ ሥራ ሰጥተውኛል። ሰኞ መልስ እሰጣለሁ። የምሄደው ሥራው ስለሚሻል እንዳይመስልህ። እዚያ ማንም ስለማያውቀኝ፣ ማንንም መደበቅ ስለማይኖርብኝ ነው።»

ይህን ያህል በአንድ ጊዜ ተናግራ አታውቅም። እጆቿ ጠረጴዛው ላይ ነበሩ፤ አላነሳቻቸውም። ፓስቲው ቀዝቅዟል። ኡርሆ መነጽሩን ከግንባሩ አወረደ፤ ጭጋግ ነበረበት፤ እጁ ላይ በነበረው ጨርቅ፣ በዚያው በሸሚዙ ቁራጭ፣ ቀስ ብሎ ጠረገው።

«ያ ባለ ሁለት ወንበሩ» አለ፣ «ስፋቱ ስንት ነው?»

«ስልሳ ሁለት።»

አሰበ። «የምሥራቁ ቋሚ ሲሚንቶ የለውም።»

«ምን አልክ?»

«አለቀብኝ። አንዱን በሲሚንቶ ጨረስኩና ለሁለተኛው አለቀብኝ። ከተማ ወርጄ ላመጣ ብዬ... ያን ቀን ደክሞኝ ነበር፣ ሄልሚ። በድንጋይ ጠቅጥቄ ተውኩት። ሰው አንድ ጊዜ ቢነቀንቀው ይወጣ ነበር። ማንም አልነቀነቀውም።»

ሄልሚ ሳቅ ይሁን ልቅሶ የመጣባት መለየት አቃታት።

*

ቅዳሜ ጠዋት ረግረጉ ላይ ስስ በረዶ ጋግሮ ነበር። ሄልሚ ዴልን «ገመድ ይዘህ ና» ከማለት በቀር ምንም አልነገረችውም። በአባቱ አሮጌ ባለ አራት ጎማ መጣ፤ ከመንገዱ ዳር የቆመውን የኡርሆን መኪና ሲያይ ፍጥነቱን ቀነሰ። ሄልሚ ዲጂኖ ይዛ ከምሥራቁ ቋሚ ሥር ድንጋይ ትፈነቅላለች። ኡርሆ ከመኪናው አልወረደም፤ መስኮቱን ግን እስከ ታች አውርዶታል።

ዴል ወርዶ ሄልሚን አየ፣ ከዚያ ሽማግሌውን አየ፣ ከዚያ ጫማውን መሬት ላይ ይጠርግ ጀመር።

«ጫማህን ተወውና ገመዱን እሰር» አለ ኡርሆ። ለዴል ከእሑዱ «አይሆንም» ሌላ በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ የወጣው የመጀመሪያ ቃል ነበር። «ከታች እሰር። አባትህም ከላይ ነበር የሚያስረው፤ ለዚህ ነው ሁሌ የሚበጠስበት።»

«እሺ ጌታዬ።»

«ጌታዬ አትበለኝ። ስሜ ኡርሆ ነው። ጨርቁ ላይ ተጽፎ ላክህልኝ እኮ።»

ዴል ከታች አሰረ። ሞተሩ ጎተተ፣ ጎማው ጭቃ ረጨ፣ ቋሚው መጀመሪያ እንቢ አለ፣ ቀጥሎ እንደ ላላ ጥርስ ወዝወዝ ብሎ ከነድንጋዩ ወጣና ወደቀ። ያን ያህል ቀላል ነበር። ዴል ሞተሩን አጥፍቶ ወርዶ ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ቆመ። ፊቱ ላይ የነበረው ድል አልነበረም።

«አባቴ በየዓመቱ ዕቃውን እዚህ አራግፎ በትከሻው ያሻግር ነበር» አለ። «ሲታመም እንኳ። አንድ ጊዜ ተደግፎበት ቢሆን...»

ሄልሚ እጁን ያዘች። ከመኪናው እንደሚታዩ ታውቃለች፤ አልለቀቀችም።

ቋሚው መንገዱን ተሻግሮ ተኝቷል። ሁለቱም እላዩ ላይ ተቀመጡ።

«ግሪን ቤይ ትሄጃለሽ ሲሉ ሰማሁ» አለ ዴል። «ሦስቱንም ሐሙስ ያን ልትነግሪኝ ነው እያልኩ ነው የመጣሁት። ሳትነግሪኝ ስትቀሪ፣ የቆረጠች ሰው ናት አልኩ። የቆረጠን ሰው ምን ብዬ ልያዝ?»

«እኔ ደግሞ ባለ አንዱን ስትገዛ፣ ብቻውን መሆን ፈለገ አልኩ።»

«ብቻዬን መሆን መቼ ቸገረኝ፤ ስድስት ዓመት ሞከርኩት እኮ።» ፈገግ ለማለት ሞከረ፤ አልተሳካለትም። «ማዘዣውን ላክሽው?»

ከኮቷ ኪስ የታጠፈውን ወረቀት አወጣች። «አልላክሁትም።»

«ለምን?»

«ጀርባው ባዶ ነበር።»

ዴል ወረቀቱን ተቀብሎ ጉልበቱ ላይ ዘረጋው። ባዶውን ገጽ ለረጅም ጊዜ አየው። ጆሮው ቀላ።

«ሰኞ ምን ትያቸዋለሽ?»

ክፍተቱን አየች። ከማዶው መንገዱ በጥዶቹ ሥር ታጥፎ ይሄዳል፤ ከልጅነቷ የምታስታውሰው ያንን መታጠፊያ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ረስታዋለች።

«አልመጣም እላቸዋለሁ» አለች። ድምፅዋ በጣም ዝቅ ያለ ነበር፤ ቢሆንም ሰማት።

ዴል የጃኬቱን ኪሶች አንድ በአንድ ዳሰሰ። «እስክሪብቶ አለሽ?»

ኪሷ ውስጥ ነበር። የሥራዋ ነው፤ ሁልጊዜ ይዛው ትሄዳለች። ከመኪናው በኩል ኡርሆ መስኮቱን ሲዘጋ ሰማች፤ ብርዱን ፈርቶ ይሁን ብቻቸውን ሊተዋቸው፣ አላወቀችም። ትከሻዋን ወደ ዴል ትከሻ አስጠጋች፤ ክብደቱም መጥቶ ክብደቷ ላይ አረፈ።

«አሁን አትጻፍልኝ» አለችው። «እዚሁ ነኝ። መጀመሪያ ትንሽ እንረፍ።»